ሰው በላዎቹ ኢታንግ የመጡ ጊዜ

ባሮ ዳር ለሚያድግ ልጅ መበላት ተረት አይደለም። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ታላላቆቻችን አስቀድመው የሚያስተምሩን ዳርቻውን ማስተዋል ነበር፤ በውኃው ጠርዝ የተጋደመው ሁሉ ግንድ አይደለምና። አዞ የወሰደው ልጅ፣ አዞ አካሏን ያጎደላት ሴት፣ ታንኳው ብቻ የተመለሰ ዓሣ አጥማጅ የማይወራበት ሰፈር አላውቅም። በ1958 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ላይ አንድ ወጣት አሜሪካዊ፣ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ፣ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። ነገሩ የሆነው እኛ ሳንወለድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን የትናንት ያህል ያወሩት ነበር። «ተው ተብሎ ነበር» ይሉናል፣ ወደ ወንዙ እያመለከቱ።

የጣልያን ሰው በላ ፊልሞች የደረሱን እንዲህ ባለ አገር ነው። ርካሽ ነበሩ። ጨካኝ ነበሩ። ለልጅ ዐይን የሚገቡ አልነበሩም። እኛ ግን ወደድናቸው፤ እኔ በበኩሌ ዛሬም ድረስ ሳስባቸው ደሜ ይሞቃል። ያ ፍቅር ምን እንደነበረ፣ ፊልሞቹስ ስለ እኛ ዓይነት ሰዎች ምን ሲሉ እንደነበር አንድ ላይ አስቀምጬ ማየት የምፈልገው ለዚህ ነው።

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አኝዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር ያለች ቦታ ናት። አኝዋኩ፣ ኑዌሩና ኦፖው ይኖርባታል፤ እንደ እኛ ያለውም ከደጋ የመጣ መምህር፣ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሠርቶባታል። ዓለም የሚያውቃት ግን በስደተኞቿ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደገና ሲቀጣጠል ሰዉ ድንበር እየተሻገረ መጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ስደተኛ የተመዘገበበት ካምፕ ሆነ። ደርግ በወደቀበት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ መንገዱን ወደ ሱዳን መልሶ አቀና፤ ካምፑም ባዶውን ቀረ። የቀረው ሸራው፣ የዘይት ቆርቆሮው፣ የጎጆዎቹ ፍራሽና ከጋሪ ጎማ ጀምሮ ለሁሉም ነገር ጥቅም የሚያገኙ ሰዎች ነበሩ።

ቪዲዮ ቤታችን የተሠራው ከዚያ ቅሪት ነው። ግድግዳው የእርዳታ ሸራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ከእንጨት የተጠረበ አግዳሚ። ባለቤቱ ከደጋ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ከአዲስ አበባ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ። መብራት አልነበረም፤ ጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተሩ ከውጭ ሲያጓራ የፊልሙ ድምፅ ስለማይሰማ ጋሼ ከጀርባ ጉድጓድ አስቆፍሮ እዚያ አስገባው። ቀኑን ሙሉ አርባ ዲግሪ ሲያንገበግበን የዋለ ቆርቆሮ ማታም ሙቀቱን ስለሚተፋ፣ ሸራው ውስጥ የሚቀመጥ ሁሉ በላብ ይታጠባል። ወባ አለ፤ ትንኝ አለ። ያም ሆኖ ቦታ ይጠፋ ነበር። በር ላይ በጠመኔ የሚጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ካራቴ»፣ «ጦርነት»፣ «ህንድ»። አንድ ቀን «ሰው በላ» ተጻፈ።

ካሴቶቹ ሽፋን አልነበራቸውም። ስማቸውን ማንም አያውቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዴክ ወደ ዴክ ሲቀዱ የኖሩ በመሆናቸው ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች ነጭ መስመር ይሮጥበታል፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ለጫካ ፊልም ግን ይኼ ጉድለት አልነበረም። ጫካው ራሱ የታመመ ይመስል ነበር፤ የምናየውም ነገር ማንም እንዲያየው ያልተፈቀደ፣ ከሆነ ቦታ ተሰርቆ የወጣ ምሥጢር መሰለን።

ነጮች በትንሽ አውሮፕላን ይመጣሉ። ወንዝ አለ፤ ጭቃ አለ፤ ቅጠል አለ። ከነጮቹ አንዱ በወጥመድ ይወጋል፣ አንዷ ትጮኻለች፣ ከቅጠሉ ውስጥ ዐይን ያያል። ከዚያ የምናውቀው ነገር ይሆናል። ደሙ በጣም ቀይ ነው፤ አንጀቱ ከበግ የመጣ መሆኑን በዓል ያሳለፈ ልጅ ሁሉ ይለየዋል። ተዋንያኑ አፋቸው ከተዘጋ በኋላም ድምፃቸው ይቀጥላል። ይኼን ሁሉ እናያለን፤ እንስቃለንም። ወዲያው ደግሞ የሆነ ነገር ይመጣና ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የእነዚያ ፊልሞች ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በደንብ የተሠራ ፊልም ከመጀመሪያው እጁን ይዞህ ይወስድሃል፤ የት ድረስ እንደሚሄድም ትገምታለህ። እነዚህ ግን የሠሪያቸው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቀጥሎ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አይታወቅም፤ ሊያቆሙ የሚገባበት ቦታ ላይ አያቆሙም። ፍርሃታችን ከጭራቁ ይልቅ ሠሪውን መፍራት ነበር።

ጋሼ የራሱ ሕግ ነበረው። ሴትና ወንድ ሲሳሳሙ ወይም እርቃን ሲታይ ተነሥቶ በነጠላው ቴሌቪዥኑን ይሸፍናል። ሰው ሲበላ ግን አይሸፍንም። ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች «ጋሼ፣ ይበቃል፣ አለፈ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ ጆሮውን አቅንቶ ድምፁን አዳምጦ፣ ትንፋሹ አልፎ ጩኸቱ ሲጀምር ነጠላውን ያነሣል። ማንም ይህን እንግዳ ነገር ነው አላለም። በአገሩ ደንብ ነውሩ አካል እንጂ ደም አልነበረም።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በጣልያን ስቱዲዮ የተለጠፈ እንግሊዝኛ። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሁልጊዜ አንድ ጎረምሳ ይቆም ነበር፤ በካምፑ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ፣ ኑዌርኛውንም አኝዋክኛውንም አማርኛውንም የሚያቀላጥፍ ልጅ። በሦስቱም ይነግረናል። ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል። ፊልሙ ዝም ሲል እሱ አይልም፤ «አሁን ይኼ ሽማግሌ ምን እያሰበ ነው መሰላችሁ» ብሎ የጫካውን ሰው ሐሳብ ይተርክልናል። ፊልሙ ለእነዚያ ሰዎች አንድ እንኳ የሚሰማ ዓረፍተ ነገር አልሰጣቸውም። ንግግር የሰጣቸው ኢታንግ ያለ ልጅ ነው፤ በእሱ አፍ ሚስት ነበራቸው፣ ልጅ ነበራቸው፣ የሞተባቸው ወንድም ነበራቸው፣ የተቆጡበት ምክንያትም ነበራቸው።

ተመልካቹ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። ግንባሩ ላይ «ጋር» የሚባሉት ስድስት የጥርብ መስመሮች የተበጁለት አንድ የኑዌር ጎልማሳ አንድ ማታ ፊልሙን እስከ እኩሌታው ካየ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እነዚህ ሰዎች ከብታቸው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተርጓሚው ከብት የላቸውም አለው። ጎልማሳው ራሱን ነቀነቀ፤ ውሸት ነው ማለቱ ነበር። በር ላይ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ አንዲት አኝዋክ እናትም፣ «ልጄ፣ ወንዝ እያላቸው ስለምን ሰው ይበላሉ? ማጥመድ አያውቁም?» አለች። የፊልም ሐያሲ ነኝ ያሉ ሁሉ የጻፉትን ኋላ ላይ አንብቤያለሁ፤ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የጠለቀ አላገኘሁም። ወንዝና ጫካ ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የሰውየው ማዕድ ባዶ መሆኑን ነው። ፊልም ሠሪው ለእነዚያ ሰዎች እርሻ፣ መረብ፣ ከብት አልሰጣቸውም፤ የሰጣቸው ረኀብ ብቻ ነው።

አዞውማ ሌላ ጉዳይ ነው። በአንዱ ፊልም ውስጥ የጫካው ሰዎች አዞ ይዘው ከነሕይወቱ ይቀድዱታል። ያን ጊዜ ሸራው ቤት ጸጥ አለ። ሁላችንም አዞ እናውቃለንና እውነተኛ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። ከጊዜ በኋላ ሌላ ካሴት መጥቶ፣ ሌላ ታሪክ፣ ሌሎች ነጮች፤ ያው አዞ ግን እንደገና ብቅ አለ። «ይኼን አዞ አይተነዋል!» ተብሎ ተጮኸ። ጋሼ የድሮውን ካሴት አምጥቶ ያጭበረበረ የመሰላቸው ገንዘባችን ይመለስ አሉ። ጋሼ ግን ንጹሕ ነበር። ዛሬ ነገሩን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የሩጄሮ ዴኦዳቶ «ኡልቲሞ ሞንዶ ካኒባሌ» ነው፤ ሁለተኛው ኡምቤርቶ ሌንዚ እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው «ማንጃቲ ቪቪ» ነው፤ ሌንዚ ገንዘብ ለመቆጠብ ከዴኦዳቶም፣ ከሰርጂዮ ማርቲኖም፣ ከራሱ የ1972 ፊልምም ትዕይንት እየቆረጠ አስገብቶበታል። በሮም የተደረገውን ቅጥያ የያዘው ኢታንግ ያለ አግዳሚ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያከራከረን ግን ስለ አክተሩ ነው። በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ በየፊልሙ አንድ አክተር አለ፣ አክተሩ አይሞትም። ራምቦ አይሞትም፤ ብሩስ ሊ አይሞትም፤ ጃንጎ እጆቹን ቢሰብሩትም አይሞትም። ፊልም ሲጀመር የመጀመሪያው ሥራ አክተሩን መለየት ነው። በሰው በላው ፊልም ግን አክተር ብለን የያዝነው ሁሉ ያልቃል። ጢሙ ያማረው ይሞታል፤ ቆንጆዋ ትሞታለች፤ ካሜራ የያዘውም ይሞታል። አንደኛው ፊልም ላይ አራት ወጣት ነጮች ካሜራ ይዘው ጫካ ይገቡና ጥሩ ምስል ለማግኘት ብለው የሰውን ጎጆ ከነሰዉ ያቃጥላሉ። ጎጆ ሲቃጠል ምን እንደሚመስል ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ሸራው ቤት ውስጥ ንዴት ተነሣ፤ ተርጓሚው ጎረምሳ ራሱ መተርጎሙን ትቶ ይሳደብ ጀመር። በመጨረሻ የጫካው ሰዎች መጥተው አራቱን አንድ በአንድ ሲጨርሷቸው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ስንከራከር፣ አንድ የአኝዋክ ጓደኛዬ ነገሩን ቆረጠው። «አክተሮቹ እነሱ ናቸው» አለ፤ «አገሩ የእነሱ ነው፤ አልሞቱም።»

ያ ፊልም «ካኒባል ሆሎኮስት» ነበር። ስሙን ያወቅሁት አዲስ አበባ ገብቼ፣ ዓመታት አልፈው፣ የልጅነቴን ምስሎች አንድ በአንድ እያነፃፀርኩ ስፈልግ ነው። ዴኦዳቶ ሠራው፤ አብዛኛው የተቀረፀው ኮሎምቢያ ውስጥ፣ በአማዞን ዳር ባለችው በሌቲሲያ አካባቢ ነው። የካቲት 1980 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ ታየ፤ ቀናት ሳይቆይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተያዘ። ፊልሙ የጠፉ ጋዜጠኞች የተዉት እውነተኛ ቅጂ ተብሎ ስለተሠራ፣ ተዋንያኑም እውነት እንዲመስል ለአንድ ዓመት ያህል ከአደባባይ እንዲርቁ ውል ስለፈረሙ፣ ዴኦዳቶ ሰዎቹን በእውነት አስገድሏል የሚል ጥርጣሬ ወደቀበት። ተዋንያኑ በሕይወት እንዳሉ ማሳየት ነበረበት። በእንጨት ተሰክታ የምትታየው ልጅ እንዴት እንደተቀረፀችም አስረዳ፤ ብረት ላይ የተበየደ የብስክሌት ኮርቻ ላይ ተቀምጣ፣ ቀላል እንጨት በአፏ ይዛ ነበር። ከግድያው ክስ ነፃ ወጣ። እገዳው ግን እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ቆየ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ ኤሊው ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ትልቅ የወንዝ ኤሊ ከውኃ አውጥተው አንገቱን ይቆርጡታል፤ ጡንቻውም እጅና እግሩም ለረጅም ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ኢታንግ ላይ የሰዎቹ ሞት ሲታይ ይሳቅ ነበር፤ ኤሊው ሲሞት አንድም የሳቀ አልነበረም። ከብት ሲታረድ፣ ዓሣ ሲሞት፣ አውሬ ሲታደን እያየ ያደገ ልጅ ሞትን ከማስመሰል ይለያል። ሰውነት ሲሞት የሚያደርገውን መንቀጥቀጥ ተዋናይ አይችለውም። የሚላን ዳኞች ሰው ሞቷል ብለው የተጠራጠሩትን የእኛ አግዳሚ ሐሰት መሆኑን አውቆ ነበር፤ እውነተኛ ሞት የነበረውን የእንስሳቱን ሞት ደግሞ በዝምታ ለየው። ፊልሙ ውስጥ ኤሊው፣ ዝንጀሮው፣ አሳማው፣ እባቡ በእርግጥ ተገድለዋል። ዴኦዳቶ በኋላ ዘመኑ በዚህ መጸጸቱን ተናግሯል። እኔ እነዚያን ትዕይንቶች ዛሬ አላያቸውም፤ እጄ ራሱ ያሳልፋቸዋል። ፍቅሬ ሁሉን ነገር አያቅፍም።

ስለ ዴኦዳቶ ስፈልግ ያገኘሁት ሌላ ነገር ደግሞ ወደ አገሬ መለሰኝ። ሰውየው ሙያውን የተማረው የታላቁ የሮቤርቶ ሮሴሊኒ ረዳት ሆኖ ነው፤ በኋላም እኛ ያበድንለትን «ጃንጎ» እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሠራ የሰርጂዮ ኮርቡቺ ረዳት ነበር። ሮሴሊኒ ራሱ ደግሞ ወጣት ሳለ «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የተባለውን የ1938 እ.ኤ.አ. ፊልም ከጻፉት አንዱ ነው። ያ ፊልም ኢትዮጵያን ስለወረረች ጣልያን የተሠራ፣ ከፊሉ እዚሁ አገር የተቀረፀ ሲሆን ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው በወረራው ጊዜ አውሮፕላን ያበረረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸልሟል። በዚያ ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ከጫካና ከተራራ እየጮኹ ባቡር የሚያጠቁ፣ ስም የሌላቸው መንጋ ናቸው። ከዚያ እስከ አማዞኑ ፊልም አርባ ዓመት አለ። ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀው ዐይን፣ ከዚያ የሚመጣው ጩኸት፣ አጥቂው ቋንቋ አልባ መሆኑ፣ ሁሉም ቀድሞ ተለምዶ ነበር። የተለመደውም በእኛ ላይ ነው።

ጋምቤላም ከዚያ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂየም ኮንጎ የተነሡ አፍሪካውያን ወታደሮች ጋምቤላን ከጣልያን እጅ አስለቀቁ። በዚያው ጦርነት አኝዋኮች ጠመንጃ ይዘው ከጣልያን ጋር ተዋግተዋል፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋክ መጻሕፍት የጻፈው እንግሊዛዊው ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነበር። እንግዲህ ዴኦዳቶና ሌንዚ ልጆች በነበሩበት ዘመን የአገራቸው ሠራዊት አኝዋኮችን በጦር ሜዳ አግኝቷቸዋል። ያገኛቸው ስልት የሚያውቁ፣ ቃል የሚጠብቁ፣ ለአገራቸው የሚዋጉ ሰዎች ሆነው ነው። ያ በፊልም አልተሠራም።

ከጦርነቱ በኋላ ያን የድሮ ዐይን ያደሱት «ሞንዶ» የሚባሉት ፊልሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው «ሞንዶ ካኔ» ዓለምን ዞሬ ጉድ አየሁ ይላል፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የተቀናበረ። ከእሱ ሠሪዎች ሁለቱ በ1966 «አፍሪካ አዲዮ»ን አስከተሉ፤ የአፍሪካን ነፃነት የደም መፍሰስ ብቻ አድርገው አሳዩ። ለ«ሞንዶ ካኔ» ዜማ የሠራው ሪዝ ኦርቶላኒ ለ«ካኒባል ሆሎኮስት»ም ሠርቷል፤ ያ ዜማ እንደ እሹሩሩ የለሰለሰ ነው፤ ከሚታየው ጭካኔ ጋር ሲገጥም ሰውነትን ያሳምማል። እኔ የአሁኑን ሳይሆን የያኔውን ዜማ፣ በጄኔሬተር ጉርምርምታ ውስጥ ያለፈውን፣ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አገኘዋለሁ።

ዴኦዳቶ ፊልሙን የሠራው በዚህ ዓይነቱ ጋዜጠኝነት ላይ ተቆጥቶ እንደሆነ ተናግሯል። ፊልሙም ይህን ይላል፤ አረመኔው ካሜራ ይዞ የመጣው ነው ይላል። አምነዋለሁ። ግን ይህን ለማለት የያኖማሚን ሕዝብ እውነተኛ ስም ወስዶ ያልሠሩትን ለጠፈባቸው። ሕዝቡ አለ፤ ልጆች አሉት፤ ዛሬም በብራዚልና በቬኔዙዌላ ጫካዎች መሬቱን ከወርቅ ቆፋሪዎች ለማዳን ይታገላል። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «አኝዋክ» የሚል ስም ያለው ሰው በላ በኮሎምቢያ ሸንበቆ ውስጥ ቢያሯሩጥ ያቺ ዓሣ የምትሸጥ እናት ምን ትል ነበር? ፊልሙ ስለ ካሜራ የተናገረው እውነት እንዳለ ሆኖ፣ ያን እውነት የተናገረው የሌሎችን ስም ተበድሮ ነው፤ ብድሩም አልተመለሰም።

ካሜራ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጓደኛ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። ቤተሰቡ ከወሎ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ጋምቤላ የመጣ ነው። የዚያ ዓመት ረኀብ ከኮረም በቴሌቪዥን ወጥቶ ዓለምን ያስለቀሰ ነው፤ ወላጆቹም ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ነበሩ። እናቱ ቤት ውስጥ ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የሚቀመጠው ደግሞ ካምፑ ሳለ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ሲቀረፅ ያደገ የኑዌር ልጅ ነው። አንዱ የረኀብ ምስል፣ ሌላው የስደት ምስል ሆኖ ነው ዓለም ያየው። እነዚህ ልጆች አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ሰው ለመቅረፅ የመጣ ሰው ሲበላ ያዩ ነበር። ጭብጨባው ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም።

ይህን ስጽፍ የማላልፈው ሌላም ነገር አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ላይ ግድያ ተጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋኮች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከዚያም ወዲህ ኢታንግ ራሷ፣ ጎረቤት በጎረቤት ላይ የተነሣባቸውን ቀናት አይታለች። አግዳሚው ላይ አብረውኝ ከነበሩት መካከል ዛሬ የት እንዳሉ የማላውቃቸው አሉ። ሰው በላ ፊልሞቹ ልጅ ሳለን የነገሩን ክፋት ልብስ ከሌለው፣ ፊቱን ቀለም ከቀባው፣ ከጫካው ውስጥ ይመጣል ብለው ነው። በእኛ አገር ሰው የገደለው ልብስ ለብሶ፣ የሟቹን ስምና ቤት እያወቀ፣ በቀን መጣ። ሰውን ከመግደል በፊት አውሬ ብሎ መጥራት እንደሚቀድም ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልገውም። ፊልሞቹን በጥብቅ ዐይን የማያቸው ስለዚህ ነው፤ አውሬ አድርጎ ማሳየት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርምና።

ታዲያ ለምን እወዳቸዋለሁ? መጀመሪያ፣ ፍርሃትን አብረን እንድንፈራ ስላደረጉን። አዞን ሁሉም ብቻውን ነው የሚፈራው፤ ውኃ ዳር ሁሉም የራሱን እግር ያያል። ሸራው ቤት ውስጥ ግን የአኝዋኩ ልጅ የኑዌሩን ክንድ ይጨብጣል፣ የደጋው ልጅ ጭንቅላቱን በወሎዬው ትከሻ ይሸሽጋል፤ ሲያልፍም አብረን እንስቃለን። ኢታንግ ውስጥ ያን ያህል የተለያየ ሰው ያለ ቀበሌ ስብሰባ፣ ያለ ጸሎት፣ ያለ ለቅሶ አንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ደካሞች ስለነበሩ። ጥበባቸው ጎዶሎ በመሆኑ እኛ እንድንሞላው ቦታ ተዉልን። ተርጓሚያችን የጨመረውን ንግግር፣ ጎልማሳው የጠየቀውን ጥያቄ፣ ጓደኛዬ አክተሩን የለየበትን ፍርድ ፍጹም የሆነ ፊልም ባልፈቀደልን ነበር። ሦስተኛ፣ እነዚያ ፊልሞች ራሳቸውን አጋለጡ። ሠሪው ያላሰበውን ሁሉ በጎን ያሳያሉ፤ ከኋላ ቆመው የሚስቁ የጫካ ሰዎች፣ ካሜራውን አሻግሮ የሚያይ ሕፃን፣ ገንዳ ውስጥ የተደረገ ውኃ። ሕፃኑን በተለይ አስተውሎታል አግዳሚያችን። «ይኼ ልጅ አልፈራም» ይባል ነበር፤ ሰው በላ ነው የተባለው ልጅ ሰው ብቻ ሆኖ ይታየን ነበር።

ስለ ሲኒማ በኢትዮጵያ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጀምራሉ፤ ከአምፒር፣ ከአምባሳደር፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ። እነዚያ አዳራሾች ክብር ይገባቸዋል። የአገሬው አብዛኛው ልጅ ግን ፊልም ማየት የተማረው በየወረዳው ቪዲዮ ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ መቀመጫው በሚቆረቁር፣ ባለቤቱ ስሙ በየትም ያልተጻፈ ቤት። ያ ትምህርት ቤት መጽሐፍ አልነበረውም፤ ያስተማረው ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ማን እየቀረፀ ነው? ማን ዝም እንዲል ተደረገ? ከብታቸው የት ነው? ወንዝ እያላቸው ለምን? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ስለ ጋምቤላ በሚሠራ በማንኛውም ዘገባ፣ በማንኛውም የፎቶ ዐውደ ርእይ፣ በማንኛውም ዶክመንተሪ ፊት አነሣቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ አያልፏቸውም።

ኢታንግ ላይ የሚሠራው ቀጣዩ ፊልም አስፈሪ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አዞው ይኑርበት፣ ሌሊቱ ይኑርበት፣ የሚያስጮኸው ነገር ይኑርበት፤ የሰውን ልብ አንድ ላይ የሚያስደነግጥ ፊልም ለማንም ሕዝብ ሀብት ነው። ሠሪዎቹ ግን ከአኝዋኩም፣ ከኑዌሩም፣ ከኦፖውም፣ እዚያ ከተወለደው ደገኛም ይሁኑ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማዕዱ፣ መረቡ፣ ከብቱና ንግግሩ ይሰጠው። ያኔ ማንም ልጅ አክተሩ ማን ነው ብሎ ለመለየት የፊልሙን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልገውም።